ተረከዝ አፈር እስኪነካ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። ቁጭ በል ምንተስኖት፤ ይህ ተቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም።

ስለ ቀዛፊው ከመንገሬ በፊት ግን ጥያቄህን እኔው ልድገመው፤ በትክክል ሰምቼህ እንደሆነ አንተ ትነግረኛለህ። ዛሬ ጠዋት በቃጠሎ ክፍላችን ቁስላቸው ታጥቦ ፋሻቸው የሚቀየርላቸው አምስት ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ የገባችው ማህደር ናት፤ አምስት ዓመቷ፣ የፈላ ውሃ ከደረቷ እስከ ክንዷ ያቃጠላት። ማደንዘዣውን የሰጠሃት አንተ ነህ። አሰጣጥህ ጥሩ ነበር፤ ይህን የምለው ላባብልህ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ቁስሏ ሲታጠብ አላወቀችም። ፋሻው ተጠቅልሎ ሲያልቅ በስሟ ጠራሃት፤ ዓይኗን ከፈተች። «ነቃሽ?» አልካት፤ «አዎ» አለችህ። ከዚያ ለእናቷ አስረክበሃት ወደ ሁለተኛው ልጅ ሄድክ።

ለምን እንደቸኮልክ አውቃለሁ። ማደንዘዣ የሚወስድ ልጅ ሆዱ ባዶ መሆን ስላለበት የቀሩት አራቱ ከትናንት ራት በኋላ እህል አልቀመሱም። ኮሪደሩ ላይ እናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው በረሃብ ያለቅሱ ነበር። ልቅሷቸውን መቻል አቃተህ። በዚህ አልነቅፍህም፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬ ዛሬም አልለመድኩትም።

ትንሽ ቆይቼ በማህደር አልጋ በኩል ሳልፍ እናቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ ይበሉ ሲስተር፣ ተኝታለች» አለችኝ። እውነትም የተኛች ትመስል ነበር። የልጅቷ ከንፈር ግን ጠቁሯል። ምላሷ ወደ ኋላ ወድቆ፣ ምራቋ ጉሮሮዋ ላይ ተጠራቅሞ አየር አጥሯት ነበር። አገጯን አነሳሁ፣ በጎኗ አዞርኳት፣ ምራቁን በመምጠጫው አወጣሁ፣ ኦክስጅን ሰጠኋት፤ ቀለሟ ተመለሰ። አሁን አንዲት ነርስ አጠገቧ አስቀምጬአለሁ። እናቲቱ የሆነውን ገና በቅጡ አላወቀችም። ከዚህ ስንነሳ አንተና እኔ ሄደን እንነግራታለን፤ ሳናሳምር፣ ሳንቀንስ።

ከዚያ የሌሎቹን ተራ አስቆምኩ፤ አንተም ተናደድክ። «ሲስተር አስካለ፣ ልጅቷ እኮ ዓይኗን ከፍታ ነበር፤ አነጋግሬያታለሁ። እነዚያ እየተራቡ እስከ መቼ ነው አንዷ ጋ የምቀመጠው? ልጅን መቼ ነው የምለቀው?» አልከኝ። ይህ ነው አይደል ጥያቄህ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ንዴቱን እዚያው እንተወውና ጥያቄውን ይዘን እንቀመጥ።

እንግዲህ ቀዛፊው። የሐይቁን ስም አልነግርህም፤ ስም ከነገርኩህ የማን አገር ነው፣ ማን ዘመድ አለኝ እያልክ ሐሳብህ ይበተናል። ሐይቁ ጠበብ በሚልበት በኩል ሰው ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግሩ ብዙ ቀዛፊዎች ነበሩ፤ ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ሰው ነበረ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ውሃ ዳር ከሰው ቁመት በላይ ከሚያድገው ተክል። የእሱ ታንኳ አስተሳሰሩ የጠበቀ፣ ጫፉ ሽቅብ የቆመ፣ ውሃ ቶሎ የማይጠጣ ነበር። በገበያ ቀን ሌላው ሦስት ጊዜ ሲመላለስ እሱ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። በዚህም ይኮራ ነበር፤ መኩራቱም አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ሰው ሲጠራው መታገስ። ከወዲያኛው ዳር የቆሙ ሰዎች ነጠላቸውን እያውለበለቡ «ኧረ ና! ፀሐይ ፈጀን!» ሲሉት መላ ሰውነቱ ይቸኩላል። «መጣሁ! መጣሁ!» ይላል፤ የያዘውን ሰው ገና ሳያወርድ። ስግብግብ አልነበረም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ርኅሩኅ ሰው ነበር። ቆሞ የሚጠብቀው ሰው በጣም ያሳዝነዋል።

አሁን ስለ ዳሩ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በወዲያኛው ዳር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ባለበት በኩል፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ውሃው ላይ ምንጣፍ ሆኗል። አፈር ነፍሶበት፣ ሣር በቅሎበት፣ ወፍ ጎጆ ሠርቶበት፣ ላየው ሰው መሬት ነው። ከሥሩ ግን ያው ሐይቁ ነው፤ አዋቂን እስከ ደረቱ የሚያሰምጥ፣ ልጅን የሚውጥ ሐይቅ።

ታንኳውን በደንገሉ መሐል እየገፉ እስከ ደረቁ መሬት ማድረስ ሐይቁን ከመሻገር ያልተናነሰ ያደክማል። ወርዶ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መግፋት አለ፤ አልቅት አለ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ በዚያ አገር ያሉ ቀዛፊዎች በሙሉ መንገደኛውን ደንገሉ ጫፍ ላይ ያወርዱት ነበር። መንገደኛው በእግሩ ጣቶች ቀስ እያለ፣ ሥሩ የጠነከረበትን እየመረጠ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደ መሬቱ ይወጣል። የአገሩ ሰው ሁሉ አረማመዱን ከልጅነቱ ተምሮታል። አንዳንዴ አንዱ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ ይስቁበታል፣ እሱም እየሳቀ ይወጣል። በቋንቋቸው ደንገሉ ላይ የወረደ ሰው «ደረሰ» ይባል ነበር። ከዚያ ወዲያ የቀዛፊው ነገር አብቅቷል። ይህን ስህተት ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ አባቶቻቸውም እንዲሁ ሲያወርዱ ነው የኖሩት።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ስድስት ዓመት የሆናትን ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቷ የፈላ ድስት ተደፍቶባት ሁለት እጆቿና ሆዷ ተቃጥሎ ነበር። የመንደራቸው ድሬሰር ቁስሉን አጥቦ በነጭ ፋሻ ጠቅልሎታል። ሕመሙ መንገድ ላይ እንዳይገድላት ብሎም ማስታገሻ መርፌ ወግቷታል። ደግ ሰው ነው፤ መርፌው ባይኖር ያቺ ልጅ ያንን መንገድ እንዴት ትችለው ነበር? ነገር ግን መርፌው አደንዝዟታል። አንገቷ ይወድቃል፣ ዓይኗ ይከደናል፣ ስትጠራ ትመልሳለች፣ መልሳ ትጠፋለች።

«ወንድሜ፣ ውሃ እንዳይነካት» አለች እናቲቱ።

«በእኔ ይሁን» አላት።

ቃሉንም ጠበቀ። ያን ቀን እንደቀዘፈው ዕድሜውን ሙሉ ቀዝፎ አያውቅም ነበር። ማዕበሉ በጎን ሲመጣ የታንኳውን አፍንጫ አዙሮ ተቀበለው። መቅዘፊያውን ሲያወጣ ጠብታው ልጅቷ ላይ እንዳይወድቅ በሌላው በኩል ያነሳዋል። መሐል ላይ ነፋስ ሲነሳ ታንኳውን አቁሞ ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ እሱ፣ መጠበቅ የማይችለው ሰው። አንዲት ጠብታ ፋሻውን አልነካችውም። እናቲቱ እያለቀሰች መረቀችው፤ «የወለድከው ይባረክ፣ ውሃ አይውሰድብህ» አለችው።

ደንገሉ ጋ ደረሱ። በዚያው ቅጽበት ከኋላቸው፣ ከተነሱበት ዳር፣ ጥሪው ጀመረ። የገበያ ሰው ተሰብስቧል፤ ከመሐላቸው አራስ ሕፃን የያዘች ሴት አለች፤ ፀሐዩ ከርሯል። «ኧረ ና! ምን ትጠብቃለህ?»

ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ ልጅቷን «ደርሰናል እኮ እመቤት፤ ነቅተሻል?» አላት።

ዓይኗን ከፈተች። «አዎ» አለች።

«መቆም ትችያለሽ?»

«አዎ።»

ደስ አለው። ብድግ አድርጎ ደንገሉ ላይ አቆማት። እናቷንም አወረደ። እናቲቱ ጥቅሏን ከታንኳው ለማንሳት ጀርባዋን ሰጠች፤ አነሳች። ቀዛፊው በመቅዘፊያው ደንገሉን ገፍቶ ታንኳውን አዞረ፤ «መጣሁ! መጣሁ!» እያለ ወደሚጠሩት ተመለሰ።

አሁን የምነግርህን በደንብ ስማ። ልጅቷ አልጮኸችም። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሄደች፤ ምናልባት መሬት ላይ ያለች መስሏት ይሆናል፣ ምናልባትም እንቅልፉ መልሶ ይዟት ይሆናል። ሙሉ እግሯን አሳረፈች። ደንገሉ ተከፈተ፤ ገባች፤ ደንገሉ መልሶ ተዘጋ። ሣሩ ያው ሣር፣ ወፉም ጎጆው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዞር ብሎ ላየው ምንም የሆነ ነገር የለም። በዚያ ሰዓት በሐይቁ ላይ ትልቅ ጩኸት ነበር፤ ጩኸቱ ግን የገበያተኞቹ ነበር።

እናቲቱ ዞር ብላ ልጇን አጣች። የእሷን ጩኸት ሲሰማ ቀዛፊው ከደንገሉ ብዙም አልራቀም ነበር። መቅዘፊያውን ጥሎ ወደ ውሃው ዘለለ። በደንገሉ ሥር ገባ። ከሥሩ ጨለማ ነው፤ ሥሩ እጅ ይይዛል፣ ጭቃው ይቦካል። አንድ ጊዜ ወጣ፤ ባዶ እጁን። ሁለተኛም ባዶ እጁን። ሦስተኛ ሲገባ አንድ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ አየ። የተፈታ የፋሻ ጫፍ ነበር። እሱን ይዞ ሳበ።

ልጅቷ ተረፈች። ደንገሉ ላይ በደረቷ አስተኝቷት ውሃውን ስትተፋ፣ ስታስልና ስታለቅስ እናቷ አጠገቧ ተንበርክካ ስሟን ትጠራ ነበር። ግን እንዲሁ አልተረፈችም። የሐይቁ ጭቃ ክፍት ቁስሏ ውስጥ ገብቶ ቁስሉ መገለ፤ ትኩሳቱ ሁለት ጊዜ ሞት አፋፍ አድርሶ መለሳት። በሦስት ሳምንት ትድናለች የተባለችው ልጅ አምስት ወር ተኛች። ግራ ክንዷም ክርኗ ላይ ተጨማዶ ቀረ። በመልካም መቅዘፍ የተገኘው ሁሉ በመጨረሻዋ ሠላሳ እርምጃ ጠፋ።

የአገሩ ሰው ቀዛፊውን አልወቀሰም። ይህ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ሽማግሌዎች መጥተው «አንተ ምን አደረግህ? ደንገሉ ነው የዋጣት» አሉት። ጓደኞቹም እንደዚያው አሉት። አንዱ ቀዛፊ እንዲያውም «ባትደርስላት ኖሮ ሞታ ነበር፤ መመስገን ሲገባህ» አለው።

ቀዛፊው ግን መለሰላቸው። «ደንገሉማ ሁልጊዜም ደንገል ነው። መሬት ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አላቸው።

በማግስቱ ታንኳውን ገልብጦ ዳር ላይ አስቀመጠና ማጭድ ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ። ከደንገሉ ጫፍ እስከ ደረቁ መሬት ድረስ አንድ ታንኳ የሚያሳልፍ መንገድ መቁረጥ ጀመረ። ደንገል ከላይ ሲያጭዱት ቀላል ነው፤ ሥሩን መንቀል ነው አበሳው። ጠዋት ይገባል፣ ማታ እግሩ ላይ አልቅት እየነቀለ ይወጣል። የገበያ ቀን መጣ፤ ሰዎች ከወዲያ ጠሩት፤ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ማጭዱ ተመለሰ። ሌላም የገበያ ቀን መጣ። «ሰውዬው ነካ አደረገው» ተባለ። ሚስቱ ሳትቀር «ሥሩ እንደሆነ ተመልሶ ይበቅላል፤ ምን ያደርግልሃል?» አለችው። «ከበቀለ መልሼ እቆርጠዋለሁ» አላት። በስድስተኛው ሳምንት ማጭዱ ጠጣር አፈር ነካ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያሻግር የታንኳው አፍንጫ ደረቁን መሬት ካልነካ አንድ ሰው አያወርድም። ከነካም በኋላ ራሱ ቀድሞ ይወርዳል፣ እጁን ከመንገደኛው ጀርባ ያደርጋል፣ እግሩን ያያል። ደንገል ላይ ያለ ሰው በጣቶቹ ነው የሚረግጠው፤ ሰውነቱ ገና አላመነም። መሬት የረገጠ ሰው ተረከዙን ያሳርፋል። ተረከዙ አፈር ላይ ሲያርፍ ቀዛፊው እጁን ያነሳል። ከዚያ በፊት ንጉሥም ቢጠራው አያነሳም።

አምስት ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሦስት ጊዜ ብቻ የሚመላለስ ሆነ። ፈጣኑ የሚለው ስሙም ጠፋ። በወዲያኛው ዳር የቆሙት ጩኸታቸውን አልተዉም፤ እንዲያውም ስድብ ጨመሩበት። «አንተ ሰው፣ ጆሮህ ተደፈነ እንዴ?» ይሉታል።

እሱም ታንኳውን ሳያዞር ይመልስላቸው ነበር። «እሰማችኋለሁ! ስለምሰማችሁ ነው የማልሰጋላችሁ!»

አምስት ወር ካለፈ በኋላ ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ አገሯ ለመመለስ መጣች። ቀዛፊው አሻገራቸው። በዚያኛው ዳር ደንገል የለም፤ ድንጋይና አፈር ነው። ልጅቷ ቆማ ልትዘል ስትል እጁን ከጀርባዋ አደረገ።

«ራሴ እወርዳለሁ» አለችው ተኮሳትራ። «አሁን ነቅቻለሁ።»

«ያን ጊዜም አዎ ብለሽኛል» አላት።

ዘለለች። የተጨማደደውን ክንዷን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ በቀኝ ተረከዟ መሬቱን ደለቀችው። «ይኸው» አለችው። ደግማም ደለቀችው። ቀዛፊው ያን ጊዜ እጁን አነሳ። እየቀዘፈ ሲያለቅስ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሲመለስ እያለቀሰ እንደነበር እናቲቱ ከዳር ሆና አይታለች።

የቀዛፊው ነገር ይህ ነው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ ቀና በልና እየኝ።

ምንተስኖት፣ ቀዛፊው አንተ ነህ፤ ከአንተ በፊት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማደንዘዣ መስጠት ማሻገር ነው። የተቃጠለ ሕፃን ፋሻው ሲነሳ፣ ቆዳው ሲታጠብ ያለው ሕመም ማንም ሕፃን በእግሩ ሊሻገረው የማይችለው ውሃ ነው። ድሮ፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አራት ሰው ሕፃናቱን ይዞ፣ አፋቸውን በጨርቅ አፍነን የምናጥብበት ቦታ አይቻለሁ። «ይረሱታል» ይሉን ነበር። አይረሱትም። የሚገፋ ጋሪ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልብሳቸው ላይ የሚሸኑ ልጆች አይቻለሁ። እንደዚያ ከማድረግ ሥራዬን መልቀቅ እመርጣለሁ ብዬ ነው ይህንን የማደንዘዣ ሙያ የያዝኩት። ስለዚህ ማደንዘዣ መስጠትህ ትክክል ነው። ነገ ደግሞ ትሰጣለህ፤ ማህደር በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣም አንተው ነህ የምትሰጣት። ዛሬ በሆነው ፈርተህ መድኃኒቱን ብትቀንስባትና ሕመሙ ቢሰማት፣ ያኔ ነው ከእኔ ጋር የምንጣላው። ቀዛፊው ታንኳውን አላቃጠለም፤ መንገዱን ቆረጠ።

የተከፈተ ዓይን ግን ደንገል ነው። «አዎ» ደንገል ነው። መሬት ይመስላል፤ ሣርም አለበት። ከሥሩ መድኃኒቱ ገና አለ። ቁስሉ እየታጠበ ሳለ ሕመሙ ራሱ ያነቃቃቸዋል፤ መታጠቡ ሲያበቃና ሁሉም ጸጥ ሲል ነው መድኃኒቱ መልሶ የሚጎትታቸው። እናት ደግሞ ልጇ ዝም ስትል ተኛችልኝ ብላ ፈጣሪን ታመሰግናለች። ምን ታድርግ? ልጇ ስንት ቀን ሙሉ ስትጮህ ነው የከረመችው። ዝምታውን መለየት የእሷ ሥራ አይደለም፤ የእኔና የአንተ ነው። ጀርባዋን ብታዞር እናት ናት፤ አንተ ግን ጀርባህን አዙረህ መቅዘፍ አትችልም።

መቼ ነው የምለቀው አልከኝ። ተረከዟ አፈር ሲነካ። ተረከዙ ምንድን ነው ብትለኝ፣ ኦክስጅኑን ካነሳህላት በኋላ ጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ሳይወርድ ሲቆይ ነው። ምራቋን ራሷ ስትውጥ፣ ራሷ ስታስል ነው። አንገቷን ሳትደግፋት ቀና ስታደርግ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንተ ሳትጠይቃት እሷ ስትጠይቅህ ነው። አንተ ጠርተሃት የምትመልሰው አንተ የሳብከው ነው፤ እሷ ራሷ የምትጠራህ በእግሯ የወጣች ናት።

ኪስህን ዳብስ እስቲ። ቀኙን። አዎ፣ እሱን። ከመተኛቷ በፊት ቢጫ የላስቲክ ጫማዋን አላወልቅም ብላ አልቅሳ፣ «እኔ እይዝልሻለሁ፣ ስትነቂ እሰጥሻለሁ» ብለህ አይደል ያባበልካት? ጫማዋ አሁንም ኪስህ ውስጥ ነው ያለው። ከልብህ ነቅታለች ብለህ ብታምን ኖሮ ጫማዋን ትሰጣት ነበር። እሷም ከልቧ ነቅታ ቢሆን ኖሮ «ጫማዬስ?» ሳትልህ አትለቅህም ነበር። እንዲህ ዓይነት ጫማ የሚረሳ የአምስት ዓመት ልጅ የለም።

ስለዚህ ሂድ። ነርሷን አስነሳና አንተ ተቀመጥ። እናቲቱን እኔ ስመጣ አብረን እናነጋግራታለን። ማህደር ጫማዬን ስትልህ አጥልቅላት፣ መሬት ላይ አቁማት፣ ተረከዟን እይ። ያን ጊዜ ተነስና ሁለተኛውን ልጅ አስገባ። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም እንደዚሁ። ካልደረስን ነገ ጠዋት ቀድመው ይገባሉ፤ ዛሬ የማይደርሳቸውን አሁኑኑ ሄጄ እንዲበሉ አደርጋለሁ። ሐኪሙ ተራው ለምን ተጓተተ ብሎ ቢቆጣ ቁጣው ወደ እኔ ይምጣ፤ ትከሻዬ ለምዶታል።

ኮሪደሩ ላይ የሚያለቅሱትን አሁንም ትሰማቸዋለህ፤ እኔም እሰማቸዋለሁ። ያሳዝናሉ። ነገር ግን የሚያለቅስ ልጅ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። አንተ ሂድና ዝም ያለችው ጋ ተቀመጥ።